የተጨመቀው ጆንያ

ልጁ፣ ወጣቱ ተመራማሪ፣ ሞቶ የተገኘው በኮንክሪት ላቦራቶሪው ወለል ላይ፣ ትናንት ማታ ኮንክሪት በተሞላው የሙከራ አግዳሚ፣ በቢሙ፣ አጠገብ ነው። ያገኘውም የገዛ አጎቱ፣ የላቦራቶሪው ቴክኒሺያን ነበር። መርማሪዋ ስትደርስ አጎትየው የተሰበረ ቀኝ እጁ በጀሶ እንደታሰረ ተንበርክኮ «ምነው እኔን በደፋኝ!» እያለ ያለቅሳል።

መርማሪዋ ከሬሳው ይልቅ ቢሙን ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። በራሰ ጆንያ ተሸፍኗል። ጫፉን ገለጥ ብታደርገው ኮንክሪቱ ላይ የደም ጠብታዎች አሉ። ጆንያው ከላይ ንጹህ ነው።

«ማታ ማን ነበር?» ስትል ቴክኒሺያኑን ጠየቀችው።

«ሦስታችን በየተራ መጥተን ሄደናል። እኔ፣ ፕሮፌሰሩና ተቋራጩ። እኔ ስወጣ ልጄ ደህና ነበር።»

«ቢሙ ለምንድነው?»

«ለመንገድ ዳር መከላከያ የታሰበ አዲስ ኮንክሪት ነው። አሁን በየመጠምዘዣው የቆመው፣ ፕሮፌሰሩ የነደፉትና ተቋራጩ የሠራው፣ መኪና ሲገጨው እንደ ብስኩት ይፈረካከሳል። ልጁ በሙከራ ደረሰበት።»

ተቋራጩ ሲጠየቅ ጣቱን ወደ ቴክኒሺያኑ ቀሰረ። «አጎቱ ሲጮህበት በጆሮዬ ሰምቻለሁ! ‹ፕሮፌሰሩን አታዋርድብኝ› ይለው ነበር።»

ቴክኒሺያኑ አልካደም። እስር ቤቱ ታየው፤ የእህቱ ፊት ግን ከእስር ቤቱም ባሰበት። ልጇን አምጥቶ እዚህ ያስቀጠረው እሱ ነው።

ቀትር ላይ መርማሪዋ ሦስቱንም ቢሙ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ደሙ ከጆንያው ሥር ነው። ስለዚህ ቢሙ የተሸፈነው ልጁ ከወደቀ በኋላ ነው። ባይሸፈን ምን ይሆን ነበር፣ ጋሼ?» አለችው ቴክኒሺያኑን።

«ደርቆ ይሰነጠቃል። የልጁ ልፋት ገደል ይገባል።»

«ቢሰነጠቅ ማንን ደስ ይለው ነበር?»

ተቋራጩ ጉሮሮውን ጠረገ። «አልዋሽም፣ እኔን።»

«እንግዲያው እርስዎ አልሸፈኑትም። ደግሞ ይህን ሽብሽብ እዩት። ውሃው እየተንጠባጠበ የቢሙን ፊት እንዳይበሳሳው ጆንያው ተጠምዝዞ ተጨምቋል። ባለ አንድ እጅ ሰው ይህን አይችልም። የጋሼ ጀሶም ጠብታ ውሃ አልነካውም።»

ሁሉም ወደ ፕሮፌሰሩ ዞሩ። ሽማግሌው ኮንክሪት በሚሞላበት ባዶ የብረት ካሳፎርማ ላይ ተቀመጡ።

«ውጤቱን ይፋ ሳታደርግ ታገስ ብለው እምቢ አለኝ። ገፋሁት፤ የካሳፎርማው ጠርዝ ጭንቅላቱን መታው። ኮንክሪት ሳላለብስ ወጥቼ አላውቅም... እጄ ለምዶ ነው።»

«ቢሙን አለበሱት፤ ልጁን ጥለውት ሄዱ» አለች መርማሪዋ። «ልጁ ውጤቱን ገና ይፋ አላደረገም። ከማን ሰሙ?»

ፕሮፌሰሩ አንገታቸውን ደፉ።

«ከእኔ ነው» አለ ቴክኒሺያኑ። «ትናንት ነገርኳቸው። ከማዋረዱ በፊት ቢነጋገሩ ይስማማሉ ብዬ። እኔው ነኝ እሳቸውን የላክሁበት።»

መርማሪዋ ከክሱ ነፃ ነዎት ልትለው አስባ ተወችው። ምን ይጠቅመዋል?

ፕሮፌሰሩን ይዘዋቸው ሲወጡ ቴክኒሺያኑ ከቢሙ አጠገብ ቀረ። ፎቶው ተነስቷል፣ ደሙም ለምርመራ ተወስዷል። ጆንያው ግን መድረቅ ጀምሯል። በግራ እጁ አንስቶ ባልዲው ውስጥ ነከረው፤ ሊጨምቀው ሞከረ፣ አቃተው።

መርማሪዋ ከበሩ ተመለሰች። አንዱን ጫፍ እሱ ያዘ፣ ሌላውን እሷ ጠመዘዘች። ውሃው ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

«እህቴን ምን ልበላት?» አላት።

«እውነቱን።»

ጆንያውን ዘርግቶ ጠርዙን እንደ ሕፃን ብርድ ልብስ አስተካከለው። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ደወለ።