የክፍሌ አስተናግር

ይህ የሆነ ነገር ነው። የሰማሁት ከደረሰበት ሰው፣ ከክፍሌ ከራሱ አፍ ነው። ተረት ነው የሚለኝ ካለ አልጣላውም...

ጊዜው 1952 ዓ.ም. ነው። ቦታው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር። ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው።

ድሬ በዚያ ሰዓት ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፣ መስኮቱ ይከደናል፣ ውሻው ጥላ ፈልጎ ይዘረራል።

ክፍሌ የባቡር ጥገና ቤት በያጅ ነበር። አስም አለበት። ሲያፍነው አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ ያነጋል፤ ሚስቱ ዘርፈሽ ጀርባውን እያሻሸች አብራው ታነጋለች።

አንድ ቀን አብሮት የሚሠራው ሽማግሌው ኩልሚዬ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ዳር አንድ ተክል ነቅሎ አመጣለት። አበባው ነጭ፣ እንደ ጥሩምባ የተከፈተ። ፍሬው እሾሃም።

አስተናግር ነው።

«ዋርያ ክፍሌ፣ ቅጠሉን አድርቀህ ጭሱን ሳብ። ትንሽ ብቻ። ዘሩን አትንካው።»

«ብነካውስ?»

«ወላሂ ያስለፈልፍሃል። ከማን ጋር እንደምታወራ ግን አታውቅም።»

ጭሱ ሠራ። የክፍሌ ደረት ተከፈተ፤ ከስንት ዓመት በኋላ ተኝቶ አደረ።

ከዚያ ወዲያ ተክሉን ወደደው። ጎረቤቱ ጊሽጣና ዘይቱን ሲተክል፣ እሱ ጓሮውን በሙሉ አስተናግር ዘራበት። እንዲፋፋለት ብሎ ከቄራ አንጀትና ፈርስ በቆርቆሮ እያመጣ ጉድጓድ ውስጥ ያጠራቅማል፣ ከዚያ እየዛቀ ከሥሩ ያለብሳል።

ተክሉ ደረቱ ድረስ ደረሰ። ቅጠሉ ሲታሽ እርጥብ አይጥ ይሸታል። ዝንቡ ከጓሮ አልፎ ጓዳ ገባ።

«ምግብ አልወርድልኝ አለ፣ ክፍሌ» አለች ዘርፈሽ።

«መድኃኒቴ ነው።»

«መድኃኒት ለአንድ ሰው ይሄን ያህል ይተከላል?»

ነገሩ ከመድኃኒት አልፎ ነበር። በእጁ ያሳደገውን ነገር ሆድ ዕቃ ማወቅ አማረው።

አንድ ቀን በምሳ ዕረፍት፣ ዘርፈሽ እህቷ ዘንድ ስትሄድ፣ ዘሩን ወቅጦ በሻይ ጠጣው።

መጀመሪያ አፉ እንደ ጥጥ ደረቀ። ቀጥሎ ብርሃኑ ዓይኑን ወጋው...

ቀና ሲል ወንበሩ ላይ ሰው ተቀምጧል።

ነጭ ልብስ የለበሰ፣ ጨዋ ሰው። ክፍሌ ምንም አልደነቀውም። ቀጠሮ የነበራቸው መሰለው።

«ምሳ አልበላህም አይደል?» አለው እንግዳው ቀስ ብሎ።

ትሪው ሙሉ ነበር። እንግዳው ጠቅልሎ አጎረሰው። ሥጋው ለስላሳ፣ ሞቅ ያለ፣ ጣፋጭ።

አንድ ነገር ብቻ ደስ አላለውም... የሰውየው ጣት ቶሎ አይወጣም። ምላሱ ላይ ትንሽ ያርፋል።

«ክፍሌ... ምን እየበላህ ነው?»

የዘርፈሽ ድምፅ ነው። ነቃ። ያለው ጓሮ ነው፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበርክኮ። አፉ በፈርስና በጸጉር ተሞልቷል። ዘርፈሽ ከከንፈሩ ዳር ነጭ ትል በጣቷ አነሳች።

«እንግዳው አጎረሰኝ።»

«የቱ እንግዳ?»

ዞሮ አየ። ማንም የለም።

ሁለት ቀን አስመለሰው። ምላሱን እስኪደማ በአመድ ፈተገ። ሽታው ግን ከጥርሱ ሥር አልወጣ አለ፤ ዳቦም ውኃም ያንኑ ጉድጓድ ሆነበት።

ይህን ሲነግረኝ መሬት መሬት እያየ ነበር። የሚያሳፍረው ትሉ አይደለም አለኝ።

ደግሞ አማረው።

ሦስት ጊዜ ጠጣ። ሦስቱንም ጊዜ እንግዳው መጣ፣ አጎረሰው። በሦስተኛው ጊዜ እንግዳው ወደ ጓዳው እያየ ጠየቀ።

«ዘርፈሽስ? እሷ ለምን አትበላም?»

ክፍሌ ያኔ ነው የፈራው። አእምሮው ሲጠራለት፣ በነጋታው ኩልሚዬን ጠርቶ ተክሉን አንድ ሳያስቀሩ ነቀሉት፤ ደቻቱ ወስደው አቃጠሉት። ጉድጓዱን ሊደፍኑ ሲመለሱ ኩልሚዬ አፍንጫውን በሽርጡ ይዞ ጎንበስ አለ።

ጭቃው ላይ በእጅ የተዛቀበት ምልክት አለ። አራት ጣት፣ አራት ጣት...

«እጅህን አምጣ» አለው። ክፍሌ መዳፉን ምልክቱ ላይ አሳረፈ።

«ያንተ ትንሽ ነው» አለ ኩልሚዬ። አፈሩን መለሱበት።

ወር አለፈ። አስሙ ተመልሶ መጣ፤ ክፍሌ ግን እሰየው ብሎ ተቀበለው። ዘርፈሽም መብላት ጀመረች፣ ፊቷ መለስ አለ።

አንድ ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ጋደም እንዳለ ከሳሎን ድምፅ ሰማ።

የሚታኘክ ነገር...

ተነሳ። ዘርፈሽ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗን ጨፍናለች። ጠረጴዛው ባዶ ነው።

አፏን ከፈተች። ጠበቀች። ጉንጯ ሞላ። ታኝክ ጀመር።

«ዘርፈሽ... ምን ጠጣሽ?» አለ በሹክሹክታ።

በጎረሰ አፏ ራሷን ነቀነቀች። ምንም።

ያ የጉድጓድ ሽታ መጣ። ክፍሌ አገጯን ያዘ፣ የጎረሰችውን ሊያወጣ ጣቱን አፏ ውስጥ ከተተ። ሥጋ የለም። ጭቃም የለም። ወደ ጉሮሮዋ ጠለቅ አደረገው...

እዚያ ጣቱ ሌሎች ጣቶችን ነካ።

ሞቃት ነበሩ። ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት።