ይመኙሽ የሳለችው ሐይቅ

ይመኙሽ የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ቤቷ ጎንደር ከተማ፣ ከቀሐ ወንዝ ከፍ ብሎ ነው። አባቷ አቶ አዘዘ ፒያሳ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፋሉ። ሐዲስ የሚባል የስድስት ዓመት ወንድምም ነበራት። ይህ የምነግራችሁ ነገር የሆነው በ፲፱፻፶ ዓ.ም.፣ ከፋሲካ በኋላ ነው።

ይመኙሽ መጥፎ ልጅ አልነበረችም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ እንዳትፈርዱባት ነው። መዝሙር ቶሎ ትይዛለች። ስትላክ አታጉረመርምም። ግን «አላውቅም» ማለት ሞቷ ነበር። መንገደኛ ቤት ቢጠይቃት፣ ባታውቀውም እንኳ «በዚያ በኩል ነው» ብላ ታመለክተዋለች። መንገደኛው የት እንደ ደረሰ እግዚአብሔር ይወቅ።

በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ መምህር የኔታ ወልደኢየሱስ እጃቸውን አጨበጨቡ።

«ልጆች፣ የዛሬ ዘጠኝ ቀን፣ ማክሰኞ፣ ሽርሽር እንሄዳለን።»

«ወዴት የኔታ?»

«ጣና ዳር። ከይፋግ ዝቅ ብሎ ወይን የሚተከልበት አገር አለ። ለቅዳሴ የሚሆነው ዘቢብ ከየት እንደሚመጣ ታያላችሁ። ሐይቁም በዚያ በኩል ጥልቀት የለውም ይባላል፤ ትታጠባላችሁ።»

ልጆቹ ጮኹ። ሸዋገነት የምትባል የነጋዴ ልጅ ደግሞ ብድግ ብላ፣ «አባቴ የጭነት መኪናውን ይሰጠናል!» አለች። ሁሉም እሷን አየ። ሸዋገነት አምና አስመራ ሄዳ፣ ምጽዋም ወርዳ ባሕር አይታ ነበር። ከዚያ ወዲህ ወሬዋ ሁሉ «ምጽዋ እኮ...» እያለ ነው የሚጀምረው። ይመኙሽን ይህ ያንገበግባት ነበር።

«እኔ ግን አገሩን አላውቀውም» አሉ የኔታ። «ከእናንተ ውስጥ ሄዶ ያየ አለ?»

የሸዋገነት እጅ አልተነሣም። ይመኙሽ ይህን አየች፤ ወዲያው የራሷ እጅ ተነሣ።

«እኔ አይቼዋለሁ የኔታ። አምና ከአጎቴ ከአለበል ጋራ ሄጄ ነበር።»

አጎቷ አለበል የጭነት መኪና ረዳት ነው። እሱ በእርግጥ ሄዷል። «ውሃው ወገብ እንኳ አይደርስም» ሲል ሰምታዋለች። እሷ ግን ከከተማው አጠገብ ካለችው ከጠዳ አልፋ አታውቅም።

የኔታ ጠመኔ ሰጧት። «በይ ሳይልን፤ እናቅድበት።»

ይመኙሽ ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ ትልቅ ክብ አደረገች። «ይህ ሐይቁ ነው። ይህ ወይኑ ነው፤ እንዳሻችሁ ትቀጥፋላችሁ።» ልጆቹ በደስታ ሲያዩዋት ልቧ ሞቀ። አንድ ነገር ልጨምር ብላ ዛፍ ሳለች። ዋርካ የሌለው አገር የለም ብላ ነው። «ይህ ዋርካው ነው። ከሥሩ ውሃው ከጉልበት አያልፍም። ትንንሾቹ እዚያ ይገባሉ።»

«እውነት አይተሽዋል?» አለች ሸዋገነት።

«ምነው፣ እዋሻለሁ እንዴ?»

የኔታ ደስ አላቸው። ዐሥራ አራቱን ትንንሽ ልጆች ወደ ውሃው የምትመራው ይመኙሽ እንድትሆን አደረጉ።

በሳምንቱ ውስጥ ዕቅዱ ሁሉ በዚያ ሥዕል ላይ ተሠራ። ዳቦ የሚያመጣው፣ ቆሎ የሚያመጣው፣ የተቀቀለ እንቁላል የሚያመጣው ተለየ። የት እንደሚበላ፣ የት እንደሚዘመር ተወሰነ። አቶ አዘዘ ለሐዲስ ለውሃ የሚሆን ቁምጣ ሰፉለት። ሐዲስም ቁምጣውን ለብሶ፣ ሳፋ ውስጥ ቆሞ፣ «ወደ ዋርካው!» እያለ ግቢውን በውሃ አጥለቀለቀው። ይመኙሽ እያየችው አንድ ሁለት ጊዜ እውነቱን ልናገር ብላ ነበር። ግን ተወችው።

በሚቀጥለው እሑድ አንድ ሽማግሌ ከረጢት ተሸክመው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መጡ። አያ ክንዱ ይባላሉ። ከዚያው ከወይኑ አገር ለቤተ ክርስቲያን ዘቢብ ማምጣታቸው ነበር። የኔታ ይህን ሲሰሙ ሮጠው ወደ ሰሌዳው አመጧቸው።

ይመኙሽ ከልጆቹ ኋላ ተሸሸገች።

«አያ ክንዱ፣ ማክሰኞ ልጆቹን ይዘን ልንመጣ ነው፤ ይህች ልጅ አገራችሁን ስላልን ነበር። እስኪ ይዩልን፤ ልክ ነው?»

አያ ክንዱ ሰሌዳውን አዩት። ራሳቸውን ዘንበል አደረጉ። ልጆቹ ሁሉ አፋቸውን እያዩ ይጠብቃሉ።

«ሸጋ ነው» አሉ። «እንዴታ! አገራችን እንዲህ ነው።»

ይመኙሽ ተነፈሰች። ጉድ ነው፤ ሳላየው ልክ ሳልሁት ማለት ነው? አለች በልቧ። ትንሽም ኮራች።

የኔታ እንግዳውን እስከ ቅጥሩ በር እንድትሸኝ አዘዟት። አያ ክንዱ በቀስታ እየተራመዱ ያጫውቷት ጀመር።

«ወይኑ እንኳ ገና ጥሬ ነው። ቢበስልም የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ማንም አይቀጥፈው። ውሃው ግን ለልጆች ሸጋ ነው። ዋርካው ዘንድ ብቻ አትድረሱ።»

ይመኙሽ ቆመች። «የቱ... የቱ ዋርካ?»

«ያለው አንድ ዋርካ አይደለም? ርብ ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚገባው በዚያ ነው። ላዩን ስታዪው ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍ። ታቹ ግን ጭቃ ነው፤ መጨረሻ የለው። አምና በሬዬ ገብቶበት፣ ገመድ ይዘን እስክንደርስ ቀንዱ ብቻ ቀርቶ ነበር። አንችማ አይተሽዋል፤ ታውቂዋለሽ።»

ይህን ብለው ከበሩ ሥር ጥላ ፈልገው ተቀመጡ።

ይመኙሽ ወደ ክፍሉ ሮጠች። ልጆቹ ውጭ መዝሙር እያጠኑ ነበር፤ ክፍሉ ባዶ ነው። ጨርቁን አንሥታ ዋርካውን አጠፋችው። በቃ፣ ወደ ሌላ በኩል አዛውረዋለሁ፤ ማንም አያውቅም ብላ ነው። ጠመኔውን በቀኝ በኩል አስጠጋች። እዚያስ ምን አለ? አታውቅም። በግራ አስጠጋች። እሱንም አታውቅም። ከዚያ ሁሉ ክብ ውስጥ «ሐዲስ እዚህ ቢገባ ደግ ነው» የምትልበት አንድ ጣት የሚያህል ቦታ አልነበራትም።

በዚህ መሀል ሐዲስ ገባ። «እትዬ! ዋርካውን ማን አጠፋው?»

ልጆቹና የኔታም ተከትለው ገቡ። ይመኙሽ ጠመኔውን አስቀመጠች።

«የኔታ፣ ጣናን አይቼው አላውቅም» አለች።

የኔታ ወደ ሰሌዳው ዞሩ።

«ዋርካውንስ?»

«አላየሁትም።»

«ወይኑንስ?»

«እሱንም። ዋሽቼ ነው። ዋርካው ሥር ጭቃው ሰው ይውጣል። አያ ክንዱ አሁን ነገሩኝ።» ከዚህ በኋላ ያለችው በልቅሶ ስለ ታፈነ አልተሰማም።

ሸዋገነት ሳቀች። የኔታ አዩዋት፤ ተወችው።

አያ ክንዱ ተጠሩ። «አባቴ፣ ሥዕሉ ልክ ነው ብለውን አልነበረም?» አሏቸው የኔታ።

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ።

«እኔም ከልጅቱ ጋራ ንስሐ ልግባ። እኔ ያየሁት ነጭ ጭረት ነው። ሥዕል ማንበብ አልችልም። አገራችሁ ነው ስትሉኝ አገራችን ነው አልሁ። በዚህ ሁሉ ልጅ ፊት አላውቅም ማለት አፍሬ ነው፣ የኔታ።»

የኔታ ወልደኢየሱስ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ግንባራቸው ላብ አውጥቶ ነበር። «እኔም የአንዲት ልጅ ቃል ይዤ ዐሥራ አራት ሕፃን ልልክ ነበር» አሉ፤ ይህን የተናገሩት ለራሳቸው ነው። ቀጥለው ወደ ይመኙሽ ዞሩ።

«ሥዕሉን አንቺው አጥፊው። የትንንሾቹ መሪነትም ቀርቷል። ማክሰኞ ግን ትሄጃለሽ። አያ ክንዱ ይምሩናል።»

ይመኙሽ ሰሌዳውን አጠፋች። ሁሉ እያያት ነበርና ረጅም ሥራ ሆነባት።

ማክሰኞ የጭነት መኪናው አዘዞን፣ ጠዳን፣ ማክሰኚትን አልፎ ጣና ዳር አወረዳቸው። አያ ክንዱ በትራቸውን ይዘው ቀደሙ፤ በትሩ ጠንካራ መሬት ባገኘበት ልጆቹ ገቡ። ውሃው ሞቃት ነበር። ተንቦራጨቁ፤ ዘመሩ፤ ዳቦውም እንቁላሉም አለቀ።

ከመመለሳቸው በፊት አያ ክንዱ ዋርካውን ከሩቅ አሳዩዋቸው። ከሥሩ ያለው ውሃ ረጋ ያለ፣ ለመግባት የሚያስጎመጅ ነበር። ሽማግሌው ጭንቅላት የሚያህል ድንጋይ አንሥተው ወረወሩበት። ጭቃው ቀስ ብሎ ዋጠው፤ ከዚያ ከላዩ ተመልሶ ገጠመ።

ሐዲስ የእኅቱን ቀሚስ ያዘ።

«እትዬ፣ እኛ የምንገባው እዚህ ነበር?»

«አዎ» አለችው ይመኙሽ።

ከዚያ እስከ ጎንደር ድረስ እጁን አልለቀቀችም። መኪናው ላይ እንቅልፍ ሲወስደው እንኳ እንደ ያዘችው ነበር።

ልጆች፣ የማታውቁትን ስትጠየቁ «አላውቅም» ማለት አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ሌላው ሰው በእናንተ ውሸት ላይ እግሩን እንዲያሳርፍ ማድረግ ነው።