ከመሪ የመጣው ድምፅ

ሣህሌ ከጸበልተኞቹ መካከል ቆሞ የክብሪት ሳጥን ከኪሱ አወጣ። አልጫረም። በእጁ ይዞ ቆየ።

በ1957 ዓ.ም.፣ በኅዳር ወር፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። እንጦጦ ራጉኤል በር ላይ ነፋሱ ይጋረፋል። አንድ ጋቢ የለበሰ ሰው ዱላውን ተደግፎ አጠገቡ ደረሰ።

«ክብሪት ይኖርሃል?»

«አንድ ቀርቶኛል። ይውሰዱት።»

ሳጥኑ ጋቢው ውስጥ ገባ። ክብሪት አልነበረበትም። ጥፍር የምታክል ክሪስታል ነበረችበት። መንትያዋ ሣህሌ ዛሬ በሚሸጠው ትልቅ ሬዲዮ ውስጥ ተቀምጣለች። ሬዲዮው በየትኛው ሞገድ እንደሚናገር የምትወስነው እሷ ናት። መንትያዋን የያዘ ሰው ሁሉንም ይሰማል።

ባለጋቢው ሻለቃ ሰቦቃ ነበር፤ የጸጥታ ክፍል ሰው። ሣህሌንም ፒያሳ አንድ ሱቅ ውስጥ ሬዲዮ ጠጋኝ አድርጎ ያስቀመጠው እሱ ነው። ሰባት ወር ሆነው። በክፍሉ መዝገብ ሣህሌ «ሸማኔ» ይባላል። እዚያ ሌላ ስሙን የሚያውቅ አልነበረም።

«ገዢው ዓለሙ ትንሿን ሬዲዮ ከመረጠ ሰባት ወር ውኃ በላው» አለ ሻለቃው ዓይኑን ከቤተ ክርስቲያኑ ሳይነቅል።

«ትልቁን ይመርጣል።»

«ሾፌሩ ዱቤ ላይ አደጋ ከመጣ በሬዲዮው ‹ደመና ነው› በለው። መኪናውን ጥሎ ይሰወራል።»

«እኔ ላይ ከመጣስ?»

ሻለቃው ተሳለመና ሄደ።

አቶ ዓለሙ ከቤተ ክርስቲያኑ አለፍ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ ዳር፣ ላንድሮቨሩን አቁሞ ይጠብቀው ነበር። የውጭ አገር አዳኞችን በአራት መኪና በረሃ የሚወስድ ነጋዴ ነው። መኪኖቹ ሲመለሱ ከአውሬ ቆዳው ሥር ጠመንጃ ይዘው እንደሚገቡ ጸጥታ ክፍሉ ካወቀ ቆይቷል። መቼና በየት እንደሚገቡ ግን አያውቅም። አሁን ዓለሙ ፊተኛው መኪና ለኋለኞቹ ኬላ መኖር አለመኖሩን የሚናገርበት ሬዲዮ ፈልጓል። ሣህሌን ያገናኘው ሾፌሩ ዱቤ ነው። ዱቤም በስውር የጸጥታ ክፍሉ ሰው ነበር፤ ቀኑንና መንገዱን ግን እሱም አስቀድሞ አያውቅም።

«ሬዲዮ እንደ በቅሎ ነው» አለ ዓለሙ። «ገበያ ላይ አይመረጥም። ዳገት ላይ ነው።»

ጠመንጃ የያዙ ሁለት ዘበኞች ከኋላው ቆመዋል።

ፈተናው ቀላል ነበር። ዱቤ ሌላውን መኪና ይነዳል። የዓለሙ ሸሪክ ኢቲቻ አጠገቡ ተቀምጦ ይናገራል። ከየካ በማሳው መሃል ወደ ጉርድ ሾላ፣ ከዚያ መሪ ወደሚባለው መንደር ይወርዳሉ። ሣህሌና ዓለሙ ከላይ ያዳምጣሉ።

በመጀመሪያ በእጅ የምትያዘውን ትንሿን ሞከሩ። እስከ የካ ጥሩ ሰማች። ጉርድ ሾላ ሳይደርሱ ድምፁ ተቆራረጠ። ከዚያ ጠፋ።

«ይቺ ለከተማ ናት» አለ ዓለሙ። «ትልቁን አምጣ።»

ትልቁ መኪናው ላይ የሚታሰር ነው። ከመኪናው ባትሪ ይበላል። አንቴናው ቁመቱ ከሰው ይበልጣል።

«አቧራ ይችላል?»

«ሣጥኑ ድፍን ነው። ቢናወጥም እንዳይላቀቅ ላስቲክ ላይ ነው የማስረው።»

እነ ኢቲቻ ተመልሰው ሌላውን ትልቅ ሬዲዮ አስገጠሙና እንደገና ወረዱ። ሣህሌ የጆሮ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ። የሞተር ድምፅ መጣ። የኢቲቻ ጥሪ ግን አልነበረም። ኢቲቻ መነጋገሪያውን ወንበሩ ላይ ጥሎ ተቀምጦበት ነበር፤ የመናገሪያው ቁልፍ ተጭኖ ስለቀረ ወሬያቸው ሳያውቁት ይተላለፋል።

«ትናንት ካንድ ባለዱላ ጋር አየሁህ» አለ የኢቲቻ ድምፅ። «የጸጥታ ሰው ነው። ሰውየውን አውቀዋለሁ። ስንት ልጅ ነው ያለህ፣ ዱቤ?»

ማርሹ ተንገጫገጨ።

«ጋሽ ኢቲቻ፣ ልጆቼን አይንኩብኝ። ሁሉንም እነግርዎታለሁ። ሬዲዮ ጠጋኙም የእነሱ ሰው ነው።»

ሣህሌ ፊቱን አላንቀሳቀሰም።

«ይሰማል?» አለ ዓለሙ።

«ይሰማል። ላጥራው።»

ቁልፉን በከንቱ አዞረ። ሬዲዮውን ቢያጠፋው ይተርፋል። ዓለሙ ግን የሞተ ሬዲዮ አይገዛም።

«ለዓለሙ ነግረኸዋል?» አለ ኢቲቻ።

«አልነገርኩም።»

«እንዳትነግረው። ይበጀኛል።»

ዓለሙ እጁን ዘረጋ። «እስቲ ስጠኝ።»

ሣህሌ ሰጠው።

ከዚህ በኋላ የሚሰማው የነፋሱን ድምፅ ብቻ ነበር። የዓለሙን ፊት ያነባል። ፊቱ መጀመሪያ ፈገግ አለ። ከዚያ ፈገግታው እዚያው ደረቀ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ።

ዓለሙ ዞሮ አየው።

አንደኛው ዘበኛ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

«በሚቀጥለው ጉዞ እኔን ሊያስይዘኝ ነው» አለ ዓለሙ በቀስታ። «ኢቲቻ። መኪኖቹን ሊወርስ። ሾፌሬም እሺ ጌታዬ ይላል። ‹ሬዲዮ ጠጋኙስ?› ሲለው ኢቲቻ ምን አለ መሰለህ? ‹እሱን ለእኔ ተወው።›»

«እኔን?» አለ ሣህሌ።

«ሞገዱን ስለምታውቅ ነዋ። ሊያስወግድህ ነው።»

ሣህሌ አንገቱን ደፋ።

«ይህን ሬዲዮ ወስጄዋለሁ። ለሁሉም መኪኖቼ ትገጥምልኛለህ። አሁን ጥራቸው። እኔ ከተናገርኩ ድምፄ ያስነቃብኛል።»

«ቁልፉን እስኪለቁት አይሰሙንም።»

ጠበቁ። ሣህሌ ማዳመጫውን መልሶ አጠለቀ። በመጨረሻ ሞተሩ ተቋረጠ፤ ኢቲቻ ራሱ ተጣራ። «ከመሪ ነው። ይሰማል?»

«በደንብ ይሰማል» አለ ሣህሌ። «ሬዲዮው ተመርጧል። ወደ ላይ ውጡ።»

ከዚያ የዱቤ ድምፅ ከሩቅ ገባ።

«ሰማዩ እንዴት ነው እላይ?»

ዓለሙ አጠገቡ ቆሟል። ሁለት ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ማንም የማይጠረጥረው ሁለት ቃል። ዱቤ መኪናውን ጥሎ ማሳ ለማሳ ይሮጣል። ዓለሙም ለምን እንደሮጠ ይጠይቃል። ጠመንጃው በሌላ መንገድ ይገባል።

«ጥርት ያለ ነው» አለ ሣህሌ።

«እሺ፣ መጣን።»

ዓለሙ ሌሎቹን መኪኖች እንዲያይ ወደ የካ ላከው። ሣህሌ በባሕር ዛፉ መሃል በእግሩ ወረደ። ግማሽ መንገድ ላይ የዱቤ መኪና ዳገቱን ሲወጣ ሰማ። ዱቤ ማርሽ ሲቀይር ሁልጊዜ ያንገጫግጨው ነበር።

ቆይቶ አንድ ጥይት ጮኸ።

ረጅም ጊዜ አለፈ።

ሁለተኛው ጮኸ።

በማግስቱ መኪናው ከነሰዎቹ ገደል ገባ ተባለ።

ሣህሌ ትልልቆቹን ሬዲዮዎች በቀሩት ሦስት መኪኖች ላይ ገጠመ። ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀ። በአሥራ አራተኛው ቀን ዓለሙ ከአዋሽ ማዶ፣ ፊተኛው መኪና ውስጥ ተቀምጦ «መንገዱ ባዶ ነው፣ ኑ» ሲል ሻለቃ ሰቦቃ ሰማው። ሦስቱም መኪኖች ተያዙ። ከቆዳው ሥር ሁለት መቶ አሥር ጠመንጃ ወጣ።

ሻለቃው ሪፖርቱን ሲጽፍ ብዕሩን አቆመ።

«ዱቤን ማዳን ይቻል ነበር?»

«ይቻል ነበር።»

«ከድቶሃል እኮ።»

«ለልጆቹ ነው። እርስዎም ያደርጉት ነበር።»

ሻለቃው ብዕሩን ከደነ። «ይህን አልጽፈውም» አለ። አዲስ መታወቂያ በጠረጴዛው ላይ ገፋለት። የጅማ አድራሻ፣ የመምህር ሥራ፣ ሌላ ስም።

ከመሄዱ በፊት፣ በዱቤ አርባ ቀን፣ መሪ ወዳለው ቤቱ ወረደ። ዳሱ ውስጥ ኋላ ተቀመጠ። ሰዎቹ በኦሮምኛና በአማርኛ ስለ አዝመራ ያወራሉ። የዱቤ ሚስት ጂቱ ጠላ ይዛ መጣች። ከዚህ በፊት አይታው አታውቅም።

«ከየት ነው የመጡት?»

«አብረን ሠርተናል።»

ዕቃውን አስቀምጣ ቁጢጥ አለች።

«ከሥራው የመጡት እርስዎ ብቻ ነዎት። እግዜር ይስጥልኝ። ስለ ሥራው ቤት ውስጥ አያወራም ነበር። እንዴት ያለ ሰው ነበር እዚያ?»

ሣህሌ ጣሳውን አነሣ።

«ሲጠሩት የሚመጣ ሰው ነበር።»

«እውነት ነው» አለች ጂቱ። «እንዲያ ነበር።» ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገችና ወደ ሌሎቹ እንግዶች ሄደች።

ሣህሌ ጠላውን ጨረሰ። እንዲያ ትቶት መነሣት ነውር ነው። ከዚያ ወጥቶ ከገበያ ከሚመለሱ ሰዎች ጋር ተቀላቅሎ ወደ ጉርድ ሾላ በእግሩ ሄደ።