ለሳቅ የተጻፈ አቤቱታ

ሚያዝያ ፲፱፻፸ ዓ.ም.፤ የሶማሊያ ጦርነት ከድሬዳዋ ደጃፍ ከራቀ ወር ቢሆነው ነው፤ ከተማዋ ግን ሰርጎ ገብ እያለች የገዛ ጥላዋን ስትጠራጠር ትውል ነበር። እንዲያም ሆኖ በደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ግራና ቀኝ የተፋጠጡት ሁለት ኮሌጆች፣ የከዚራው የሙያና የመጋላው የንግድ፣ ዓመታዊ የእግር ኳስ ግጥሚያቸውን አላስቀሩም፤ የአሥራ አንድ ዓመት ፉክክር እንዲህ በቀላሉ አይቀርማ!

ፉክክሩ የራሱ ወግ ነበረው። የተሸነፈው ወገን በማግስቱ የባላጋራውን ምርጥ ተጫዋች «ተማሪ አይደለም፤ በሰው ስም የሚጫወት ነው» ብሎ ለስፖርት ኮሚቴው አቤቱታ ያስገባል፤ ውሸት መሆኑን ከሳሽም ተከሳሽም ያውቃሉ፤ ወረቀቱ በአደባባይ ይነበባል፤ ተስቆ ተስቆ ከሳሽ ሻይና ሳምቡሳ ይጋብዛል፤ በዚያው ያበቃል።

በዚያ ዓመት መጋላ ሁለት ለአንድ ረታ፤ ሁለቱንም ጎል ያገባው እዚያው ድሬዳዋ አጠገብ ካለችው ጀልዴሳ የመጣው የሶማሌ ልጅ ዓዋሌ ነበር። የከዚራው ቡድን ጸሐፊ ጉግሳ፣ ብዕሩም ምላሱም ስል የሆነ ጎልማሳ፣ አቤቱታውን እንደ ወጉ ጻፈ፤ ዘንድሮ ይበልጥ ያስቅ ብሎም «ድንበር ተሻግሮ የመጣ ነው» የሚል ጨመረበት። የኮሚቴው ሥራ ያን ሰሞን ወደ ቀበሌው መዛወሩን ያውቅ ነበር፤ አዲሶቹ አንባቢዎች ወጉን እንደማያውቁት ግን አላሰበም።

በሦስተኛው ቀን አብዮት ጠባቂዎች ዓዋሌን ከክፍል አውጥተው ወሰዱት።

እናቱ ወይዘሮ ሳሕራ በቀፊራ ገበያ የሚሸጡትን ወተት ጥለው ወደ ጉግሳ መጡ።

«አንተ ጉግሳ፣ ወላሂ ቤቴ ገብተህ በልተሃል፤ ልጄን ታውቀዋለህ! ሂድና ንገራቸው አቦ!»

ጉግሳ ወደ ቀበሌው ሄደ፤ ከፍርሃቱ ኀፍረቱ ይብስ ነበር።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የጻፍሁት ሐሰት ነው፤ የጨዋታችን ወግ ነው። የኮሌጁን መዝገብ ይመልከቱ፤ ዓዋሌ ተማሪ ነው።»

«ፊርማው የማን ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ዘግይተሃል፤ ትናንት አብዮታዊ እርምጃ ተወስዶበታል። ስለ ንቃትህ ቀበሌው ያመሰግንሃል።»

ወይዘሮ ሳሕራ ደጅ ቆመው ይጠብቁት ነበር። «ምን አሉህ?» አሉት፤ ጉግሳ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እርሳቸውም ሁለተኛ አልጠየቁትም።

የዚያ ዘመን ጦርነት በየመጽሐፉ ተጽፏል፤ ጄኔራሎቹ በስም፣ ታንኮቹ በቁጥር። ስለዚያ ግጥሚያ የተረፈው ግን በውጤት መዝገብ ላይ ያለች አንዲት መስመር ናት፦ «፲፱፻፸፤ በቀረበው አቤቱታ የመጋላ ሁለት ጎሎች ተሰርዘው አሸናፊው ከዚራ ሆኗል።» የአግቢውን ስም የጻፈው የለም።