ቀኑ የነገ የሆነው ፋይል

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ከት ብዬ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ኤሌክትሮኒክስ ሳስተምርም ሰይጣን ያለው ገመድ በደንብ ያልሰካ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው እላለሁ፣ ይሁንና ሰቆጣ ውስጥ፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ የገጠመኝን ስማኝ።

ነገሩ እዚያው ሰቆጣ አካባቢ ያለው የዝቋላ ወረዳ የውሃ ጉድጓድ ነው። በፀሐይ የሚሠራው ፓምፕ ተተክሏል፣ የሚያስነሳውና የሚያቆመው ትንሽ መቆጣጠሪያ ግን ገና ፕሮግራም አልተጫነበትም፣ መኪናው ደግሞ በማግስቱ ማለዳ ይሄዳል፣ ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚገኝ አንድዬ ይወቅ። የጉድጓዱ ኮሚቴ ሰብሳቢ አያ ሲሳይ ሊወስዱኝ መጥተው ሰቆጣ የማስተምርበት ኮሌጅ ቢሮ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጠዋል። «ነገ ውሃ ታልወጣ ፍየሎቹን ይዤ መሰደዴ ነው» አሉኝ ረጋ ብለው።

ፕሮግራሙ የሚሠራበትን ኮምፒውተር ማዘጋጀት ቀላል መስሎኝ ነበር። ኢንተርኔቱ ስለማይታመን የሚያስፈልገውን ሶፍትዌር ሁሉ ከባሕር ዳር በፍላሽ አምጥቼ በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ጫንኩ፣ እሱ ግን ፋይሎችህ የተጻፉት ወደፊት ነው እያለ አሻፈረኝ አለ። ግማሽ ቀን ለፋሁ። ለካስ ጸሐፊያችን ደብዳቤዎቿ ላይ ቀኑ እንዲስተካከልላት ብላ የኮምፒውተሩን ዓመት በእኛ አቆጣጠር ሞልታው ኖሯል፣ በእሱ ቤት ፋይሎቼ ገና ሰባት ዓመት ቆይተው የሚወለዱ ናቸው፣ እመነኝ፣ በሳቅ ፍርስ አልኩ። ዓመቱን አስተካከልኩ፣ እምቢ ያለው ሁሉ እሺ አለ፣ ፕሮግራሙን መቆጣጠሪያው ላይ ጫንኩና ገመዱን ነቅዬ ጠቀለልኩት፣ መቆጣጠሪያውን ለአያ ሲሳይ በእጃቸው ሰጠኋቸው።

ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ «ቲን» አለ። ዕቃ ሲሰካበት የሚያሰማው ድምፅ ነው፣ ገመዱ ግን ጠረጴዛው ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ደግሞ «ቲን»። አያ ሲሳይ ሰው የመጣ መስሏቸው ወደ በሩ ዞሩ። ስክሪኑን ሳይ እኔ ያልፈጠርኩት ፋይል አለ፣ ቀኑ የነገ፣ ሰዓቱ በእኛ ከጠዋቱ አራት ከአሥራ ሁለት። ከፈትኩት፣ መቆጣጠሪያው ሥራ ሲጀምር እንዲልክ ያዘዝኩት መልእክት ነው፦ «ፓምፑ ተነሥቷል፣ ውሃ እየፈሰሰ ነው።» የኮምፒውተሩን ሰዓት ከስልኬ ጋር አስተያየሁት፣ ልክ ነው። ፋይሉን ዘጋሁና ዕቃዬን መሸከፍ ጀመርኩ።

በማግስቱ መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶብን ዘግይተን ደረስን። መቆጣጠሪያውን ገጠምኩት፣ ቧንቧው መጀመሪያ አየር ተፋ፣ ቀጥሎ ጭቃ፣ ከዚያ ኩልል ያለ ውሃ ለቀቀው! ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፣ አያ ሲሳይ ጎንበስ ብለው ራሳቸውን በውሃው አስመቱና አለቀሱ፣ እኔም አብሬ ጮኽኩ፣ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም። ስልኬን ሳየው አራት ከአሥራ ሁለት ይላል።

ሰቆጣ ስመለስ በዚያው ስም ሌላ ፋይል ተቀምጦ ጠበቀኝ፣ ቀኑ ገና ያልደረሰ። ጸሐፊያችን ልትከፍተው ስትል እጇን ያዝኳት። ውሃ እየፈሰሰ ነው የሚል ከሆነ እሰየው፣ ሌላ ነገር የሚል ከሆነስ? አያ ሲሳይ በየሳምንቱ እየደወሉ ይመርቁኛል፣ እኔም አሜን እላለሁ፣ ፋይሉ ላይ እስከተጻፈው ቀን ስንት እንደቀረ እየቆጠርኩ።