የዋንዛው ሻንጣ

«ማንም እንዳይነካው!» አሉ አባቷ።

ሻንጣው ከጣሪያው ወራጅ በተንጠለጠለው ሚዛን ላይ ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል። ፈድሊያን ሊሰናበት ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ያለው ቤታቸው የተሰበሰበው ጎረቤት ሁሉ ጸጥ ብሎ ያያል። ነገ ጠዋት ተነስታ ለአምስት ዓመት ትምህርት ወደ ቡልጋሪያ ልትሄድ ነው፤ አውሮፕላኑ ደግሞ ከሃያ ኪሎ በላይ ሻንጣ አይጭንም ተብሏል።

አባቷ፣ አባቦራ፣ ዓይናቸውን አጥብበው ሚዛኑን አነበቡ። ደግመው አነበቡ።

«ሃያ አምስት። ሻንጣው ባዶውን አምስት። ሲቀነስ... ሃያ! ልክክ ብሏል፣ አልሐምዱሊላህ!»

ቤቱ በሳቅና በምርቃት ተሞላ። «አባቦራ በያዙት ሚዛን ስህተት ከየት ይመጣል!» አሉ ጋሽ ጎሳዬ። ጋሽ ጎሳዬ ጎረቤት ብቻ አይደሉም፤ አባቷ በሚሠሩበት የቡና መጋዘን ኃላፊ ናቸው። ሥራ ቦታ ጓድ፣ ሰፈር ጋሽ። እዚያው ሶፊያ ከተማ ለሚማረው ልጃቸው አድርሺልኝ ያሉት ቡናም ሻንጣው ውስጥ አለ።

ጓደኛዋ ለጢፋ የፈድሊያን ክንድ ይዛ ወደ ጓዳ ጎተተቻት።

«ፈዲ፣ ሻንጣውም እኮ አብሮ ይመዘናል!»

«ምን?»

«አምና ወንድሜ ኪየቭ ሲሄድ አዲስ አበባ ድረስ ሸኝቼው የለ? ሻንጣውን እንዳለ ነው ሚዛን ላይ የሚያወጡት። ማን ይቀንስልሻል! ትርፉን ሰው ፊት ከፍተው ያስወጡታል። የእሱን ሁለት ሱሪ ይዘን ነው የተመለስነው፣ ዋላሂ!»

ፈድሊያ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ወዲያው ገባት። አባቷ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቡና ሲመዝኑ የጆንያውን ክብደት ሳይቀንሱ የተናገሩት ኪሎ የለም። ይህም ሻንጣ ለእሳቸው ከዋንዛ እንጨት የተሠራ ጆንያ ነው። ጋሽ ጎሳዬም ያው የቡና ሰው ናቸውና፣ አምስቱ ሲቀነስ ትክክል ነው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ታዲያ ንገሪያቸዋ!» አለች ለጢፋ። «ምን ችግር አለው? የጋሽ ጎሳዬን ቡና ይመልሱላቸውና በቃ።»

«ምን ብለው ይመልሱ? ‹መመዘን ተሳሳትኩ› ብለው?»

 ነገሩን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ባለፈው ወር አባቦራ መጋዘን ውስጥ አንድ ሚዛን አሳስተው አንብበው ነበር። ጋሽ ጎሳዬም ከደገሙት ቦታውን ለወጣት እንደሚሰጡባቸው ነግረዋቸዋል። ከዚያ ወዲህ እራት እንኳ በቅጡ አይበሉም። ዛሬ ግን ያን ሃያ ሲናገሩ ፊታቸው እንደ ድሮው በርቶ ነበር። ፈድሊያ ያን ፊት አይታ ሄዳ መናገር አቃታት።

ለመግሪብ ሶላት ወንዶቹ ወደ መስጊድ ሲሄዱ፣ እናቷም ሴቶቹን ሊሸኙ ወጡ። ፈድሊያና ለጢፋ ሻንጣውን አውርደው ከፈቱት።

ከላይ ካፖርቱ ነበር። እናቷ ከመርካቶ ልባሽ ጨርቅ ተራ ገዝተው ያመጡላት፣ የየትኛው አገር ወታደር ይልበሰው ይጣለው የማይታወቅ፣ ለሁለት የሚበቃ ካፖርት።

«ይህን እለብሰዋለሁ» አለች ፈድሊያ። «የለበሱትን አይመዝኑም አይደል?»

«እሱማ አይመዝኑም። ግን በዚህ ሙቀት? አብደሻል?»

«ኪሱን እይው እስቲ፣ ጓዳ ያክላል። ጭኮውም በርበሬውም ይገባል።»

በቅቤ የታሸውን የገብስ ጭኮና በርበሬውን ኪስ ውስጥ ጨመሩ። ሻንጣውን ሁለቱ እያለከለኩ መልሰው ሰቀሉት። አሁንም ሁለት ኪሎ ትርፍ ነበረው።

ከልብሶቿ ሌላ የቀሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የጋሽ ጎሳዬ ቡናና በርጩማዋ። ባለ ሦስት እግሯን ትንሽ በርጩማ አያቷ ከአንድ ግንድ ጠርበው የሠሩላት ገና ድክ ድክ ስትል ነው። ሻንጣ ውስጥ ስትከታት እናቷ «ቡልጋሪያ መቀመጫ የለም አሉሽ እንዴ?» ብለው ስቀውባት ነበር። ፈድሊያ ግን ያን የማታውቀውን ክፍል ስታስብ የማትፈራው በርጩማዋን በሐሳቧ አንድ ጥግ ላይ አድርጋ ስታያት ብቻ ነው።

ለጢፋ ቡናውን አየች፣ ከዚያም ፈድሊያን። «አደራ ነው እንግዲህ...» አለች ቀስ ብላ።

ፈድሊያ በርጩማዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ዳበሰቻት። እንባዋ መጣ። ከዚያ ተነስታ አልጋው ሥር ከተተቻት።

በማግስቱ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ናፍጣ ፍለጋ ሄዶ እስኪመለስ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ፈድሊያ ካፖርቷን ለብሳ፣ ኪሶቿ ተነፍተው፣ መናኸሪያው መሃል ቆማለች። ላቡ በጀርባዋ ይወርዳል።

«ምነው ልጄ» አሉ ሊሸኟት የመጡት ጋሽ ጎሳዬ እየሳቁ፣ «ቡልጋሪያ ጅማ ድረስ መጣች እንዴ?»

«በርዶኛል፣ ጋሽ ጎሳዬ።»

አባቷ ሻንጣውን ጣሪያ ላይ ላለው ረዳት ሊያቀብሉ ከፍ አደረጉት። መሃል ላይ ክንዳቸው ቆመ። ያ ክንድ ሠላሳ ዓመት ጆንያ ያነሳ ክንድ ነው። ሻንጣውን አዩት፣ ካፖርቱን አዩት፣ የተነፉትን ኪሶች አዩ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ፈድሊያ አየች፤ እየቀነሱ ሳይሆን እየደመሩ ነበር። ፊታቸው ጠቆረ። ጋሽ ጎሳዬ አጠገባቸው ቆመዋል። 

«እንካ፣ ተቀበለኝ» አሉ አባቷ ረዳቱን። ከዚያ ወደ እሷ መጥተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ምኑን አወጣሽ?»

«በርጩማዬን፣ አባ። ስመለስ የምቀመጥባት ትኑረኝ ብዬ ነው።»

 አባቷ ጎንበስ ብለው የካፖርቱን ቁልፎች ከታች ጀምረው አንድ በአንድ ይቆልፉላት ጀመር።  የአንገቱ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩዋት።

«እንዳይበርድሽ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉ።

«እሺ፣ አባ።»

የአውቶቡሱ መስኮት አይከፈትም፤ አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ከፀሐዩም ከካፖርቱም ሸሽተው በነጠላቸው ያራግባሉ። ፈድሊያ ግን አውቶቡሱ የሰኮሩን ከተማ እስኪያልፍ ድረስ አንዱንም ቁልፍ አልፈታችም።