በሰማያዊው ስኒ የነበረው ቡና

ኦኑማ ሺገማሱ የተገኙት ናጎያ ውስጥ ዕድሜያቸውን በሙሉ ባሳለፉበት «ሂባሪ» ቡና ቤታቸው፣ በመስኮቱ ዳር ጠረጴዛ ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ነበር። አጠገባቸው ግማሹ የተጠጣ ሰማያዊ የሸክላ ስኒ ነበር። ሐኪሙ ስኒውን አሽትቶ ፊቱን አጨማደደ።

«መርዝ ነው። ጊዜ አይሰጥም።»

ኢንስፔክተር ኩዜ ቶሞኤ ከባንኮኒው ኋላ ዞረች። ሟቹ ቡና የሚያፈሉበት የመስታወት ማፍያ ደርቋል፤ ዛሬ እሳት አልነካውም። መደርደሪያው ላይ ካሉት ስኒዎች አንዱ ግን እርጥብ ነው። የቆሻሻ መጣያውን ስትከፍት ሁለት የተጨማደዱ የወረቀት ስኒዎች አገኘች። ከመንገዱ ማዶ የተከፈተው፣ በማሽን የሚያፈላው የፈረንጅ ዓይነት ቡና ቤት ምልክት አለባቸው። ለማንም ሳትናገር ደበቀቻቸው።

አስከሬኑን ያገኘችው ልጃቸው ቺዙሩ ናት። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«አባትሽ ከማዶው ቡና ቤት ጋር እንዴት ነበሩ?»

«ሊያያቸው አይፈልግም ነበር! "ወረቀት ጠቢዎች" ነበር የሚላቸው።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ቡና ጠጡ?»

«ራሱ ያፈላውን ነዋ! ሌላ ምን ይጠጣል?»

የማዶው ቡና ቤት ኃላፊ ሞሮቦሺ ሽርጡን እንኳ ሳያወልቅ ቀረበ። ላብ አጥምቆታል።

«ጠዋት እኔ ጋ መጥተው ሁለት ቡና ገዝተዋል። "ለማንም ትንፍሽ እንዳትል" ብለው አስማሉኝ። እኔም አልተናገርኩም።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ወረቀት ስኒዎቹን ይዘው ሄዱ። ሌላ አላየሁም።»

የቀረው ሃታኖ ነው፤ ቺዙሩ «አጎቴ» የምትለው የሟቹ የልጅነት ጓደኛ፣ ሚስቱ የሞተችበትና ከብረት መለበጫ ፋብሪካ ጡረታ የወጣ ሰው። በየማለዳው ቁርሱን የሚበላው «ሂባሪ» ነበር። ቶሞኤ ቤቱ ሄደች።

«ዛሬ ንቅንቅ አላልኩም፤ ጉልበቴን አሞኝ ተኝቼ ነው ያረፈድኩት» አለ ሃታኖ። «ቺዙሩ ደውላ ነው የነገረችኝ። ምስኪን! ዕድሜ ልኩን በእጁ ሲያፈላ ኖሮ የማሽን ቡና በዚያ ሰማያዊ ስኒ ጠጥቶ ይሙት?»

ቶሞኤ ዓይኗን ከፊቱ ላይ አልነቀለችም። «ከሰዓት በኋላ ሂባሪ ይምጡ» ብቻ አለችው።

ሦስቱም ተሰበሰቡ። ቶሞኤ የወረቀት ስኒዎቹን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ቺዙሩ አፏን በእጇ ያዘች።

«ሟቹ የማዶውን ቡና ገዝተው በራሳቸው ስኒዎች ገልብጠው ለእንግዳ አቀረቡ። እንግዳው የራሱን ስኒ አጥቦ መደርደሪያው ላይ መለሰ። ቺዙሩ፣ ለአጎትሽ ስትደውዪ ስለ ስኒው ነግረሻቸዋል?»

«ኧረ የለም! "አባዬ ሞተ" ብዬ ዘጋሁት።»

«ቡናው የማሽን መሆኑንም እስካሁን አታውቂም ነበር። ሞሮቦሺ ቡናውን ያውቃል፤ ወደ ሰማያዊው ስኒ መገልበጡን ግን አላየም። ሁለቱንም የሚያውቅ ጠዋት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ከሟቹ ጋር የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። እርስዎ ግን ከአልጋዎ ሳይነሱ ሁለቱንም ነገሩኝ፣ ሃታኖ።»



«ብረት የምንለብጥበት መርዝ ነው፤ ከፋብሪካ ያመጣሁት» አለ ሃታኖ። «ለራሴ ነበር። ቤቱን ለማዶዎቹ ሊያስረክብ መሆኑን ትናንት ሲነግረኝ፣ እዚሁ ወንበሬ ላይ ልሞት ወሰንኩ። እሱ ግን ቡናቸውን አስቀመሰኝና "አየህ፣ አይከፋም!" ብሎ ሳቀ። ሳቀ እኮ! ስኳር ሊያመጣ ሲነሳ በእሱ ስኒ ውስጥ ጨመርኩት።»

«አጎቴ...» አለች ቺዙሩ።

ሞሮቦሺ ሽርጡን በእጁ ጨምድዶ ይዟል። «ኦኑማ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር፤ ማፍያውን መያዝ አቅቷቸዋል። ቤቱን ሊያስረክቡን ሲስማሙ አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ። "ጠዋት ጠዋት እኔንና ሃታኖን ቁርስ አታሳጡን። ዕድሜዬን በሙሉ ቆሜ ሳስተናግደው ኖሬ አንድም ቀን አብሬው ተቀምጬ አልበላሁም" አሉኝ።»

ሃታኖ ወደ ሞሮቦሺ ዞረ። «ይህን አልነገረኝም።»

«ሊነግሩዎት ጊዜ ሰጥተዋቸዋል?» አለች ቶሞኤ።

ሽማግሌው ሁለት እጆቹን ለካቴና ዘረጋላት። ቺዙሩ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ በር እስኪወጣ ድረስም አልዞረችም።